ራስጌውን የያዘችው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? አቧራው፣ ፀሐዩ፣ ያ የድንኳን ኑሮ እንዴት ይዞሻል? ባለፈው በስልክ ሳል ሰምቼብሻለሁ። የጉሮሮ ነገር ነው ብለሽ አለፍሽው፤ እኔ ግን ሳልሽን ከግድግዳ ማዶም ቢሆን አውቀዋለሁና ሐኪም ሳታዪ እንዳትቀሪ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ያወራል። የቆረጣ ክፍሉ ሰዎች ሁሉ ሰላም ብለውሻል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ደግሞ፣ ልጅሽ መንገድ ቀያሽ ከሆነች የእኛን ሰፈር ጠማማ መንገድ መቼ ነው የምታቃናው ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች።

ደብዳቤ ስታዪ ሳትደነግጪ አትቀሪም። ስልክ እያለ ይኼ ከየት መጣ ትያለሽ። ልጄ፣ በስልክ ቢሆን አንቺ ቶሎ ምን ሆነሽ ነው ትይኛለሽ፣ እኔም ምንም ብዬ እዘጋዋለሁ። ይኼ ምንም ተብሎ የሚዘጋ ነገር አይደለም። ሥራሽን ጨርሰሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ከአጎትሽ አፍ ግማሹን ከምትሰሚ ሙሉውን ከእኔ ብትሰሚ ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በማስታወቂያ ነው። አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን፣ በውትድርና ያገለገሉ ሠራተኞችን በአንድ ቀን እናከብራለን፣ ፎቶግራፋቸውንም በመግቢያው ሰሌዳ ላይ እንሰቅላለን፣ ያገለገላችሁ ተመዝገቡ ብሎ ለጠፈ። አነበብኩት። ገባሁና ለአንድ ትልቅ ጭነት መኪና የታዘዘ ሸራ ቆረጥኩ። ስንዝር ያህል አሳጠርኩት። በአሥራ ስምንት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቼ አላውቅም። ረዳቴ መለኪያውን ደግማ ለካችና፣ እትዬ አሞዎታል እንዴ አለችኝ።

አሥራ አንድ ወንዶች ተመዘገቡ። ዕቃ ግምጃ ቤት ያለውን ሰውዬ ታውቂው የለ? አይጥ ባየ ቁጥር ወንበር ላይ የሚወጣው? እሱ ለካ የታንክ ተኳሽ ነበር! ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን፤ እሱም አብሮን ሳቀና፣ ታንክ ውስጥ አይጥ አይገባም አለ። ከዚያ የሠራተኛ አስተዳደሯ ልጅ ወደ እኔ ክፍል መጥታ፣ ከቤተሰብም ወታደር የነበረ ካለ ይጋበዛልና እርስዎ ማን አለዎት አለችኝ። ወንድሜ አለ፣ ሻምበል ነው አልኳት። ጻፈችው። እስክሪብቶዋን ከድና ወጣች። ስለ እኔ ልትጠይቅ አላሰበችም፤ እኔም አልነገርኳት።

በሩ ላይ የሚሠራውን አዲሱን ጥበቃ ግን አታውቂውም። አሥር አለቃ እያልን ነው የምንጠራው። ግራ እግሩን ያነክሳል። ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ከዝግጅቱ ሁለት ቀን በፊት ከምሳ በኋላ ወደ ቆረጣ ክፍሉ መጣና ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። እህቴ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቆጠራ የት ነው የተማሩት አለኝ። ግራ ገባኝ። የሸራ ጥቅል ሲያነሱ እሰማዎታለሁ አለ፤ ሌላው ሰው ሁሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ነው የሚያነሳው፤ እርስዎ ሁለት ላይ ብድግ ይላሉ። እኔን ያነሳችኝም ሴት ሁለት ላይ ነበር ያነሳችኝ፤ ዓይኔ ታስሮ ስለነበር መልኳን አላየሁም፤ ድምጿን ግን እስክሞት አልረሳውም አለኝ።

ተሳስተሃል ወንድሜ፣ እኔ የስፌት ሰው ነኝ አልኩት። እሺ እህቴ፣ ተሳስቼ ይሆናል አለና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። እስከ ዝግጅቱ ድረስ ስንተያይ ነገሩን አላነሳውም። የወታደር አፍ እንዲህ ነው፤ ዝጋ ካልሽው ይዘጋል።

ቅዳሜ ጠዋት የስፌት አዳራሹን ማሽኖች ወደ ግድግዳ ገፍተን ወንበር ደረደርን። አጎትሽ ሜዳሊያዎቹን ደርድሮ፣ ጫማውን መስታወት አስመስሎ መጣ። እውነቴን ነው፣ አምሮበት ነበር፤ ደስ አለኝ። ይህን ሁሉ ስጽፍልሽ እሱን ለመክሰስ እንዳይመስልሽ። ያየውን አይቷል፤ ጎኑ ውስጥ ያለው ብረት ዛሬም አልወጣም። አሥራ አንዱም ሰዎች አንድ በአንድ እየተጠሩ ተጨበጨበላቸው። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ እንግዳችን ሻምበል ጥቂት ቃል ይበሉን አለ።

አጎትሽ መናገር ይችልበታል። ያለቀሱም ነበሩ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረና፣ እኛ ስንወድቅ ስንነሳ የነበረው እህቶቻችን ቤታቸው በሰላም እንዲቀመጡ ነው፣ ለምሳሌ ይህችው እህቴ እኔ ምሽግ ውስጥ ሳለሁ አክስታችን ቤት ሆና ስፌት ትማር ነበር፣ ያ ሰላም ይኸው ዛሬ እንጀራ ሆናት አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ልጄ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ እጆቼን አንስቼ ማጨብጨብ ጀምሬ ነበር። ድንገት አሥር አለቃን አየሁት። አላጨበጨበም። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። እሱ ራሱ የዋሸ ይመስል ፊቱ ተለዋውጧል። ለእኔ ነበር ያፈረልኝ።

መቼ እንደ ተነሳሁ አላውቅም። ብቻ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ጋሼ፣ እኔ አክስታችን ቤት አልነበርኩም አልኩ። አራት ዓመት ግንባር ነበርኩ፤ ቃሬዛ ተሸካሚ ነበርኩ አልኩ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የአስተዳደሯ ልጅ ምስኪን፣ ክፋት አስባ አይደለም፣ መዝገቧን ገልጣ፣ እትዬ ማስረጃ ይኖርዎታል ወይ አለችኝ። የመሰናበቻ ወረቀቴን አያትሽ ምድጃ ውስጥ ከከተቱት ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። የለኝም ልላት ስል አሥር አለቃ ከወንበሩ ተነሳ። ወደ ፊት መጣና ግራ ጭኑን በመዳፉ መታ። ማስረጃው ይኸው አለ፤ እያነከሰም ቢሆን ይራመዳል አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ዕቃ ግምጃ ቤቱ ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ቆመ። እኔ ብቻ ተቀመጥኩ።

አንቺ የምታውቂው ሌላ ነው። ልጅ ሳለሽ አክስቴ ቤት ስፌት እንደ ተማርኩ፣ አባትሽ ሾፌር እንደ ነበረና ሳትወለጂ በአደጋ እንደ ሞተ ነግሬሻለሁ። ሁለቱንም የነገርኩሽ እኔ ነኝ፤ ሁለቱም እውነት አይደሉም። አጎትሽ ከግንባር ሲመለስ ዘመድ ተሰብስቦ በጭብጨባ ተቀበለው፤ ፎቶግራፉ ሳሎን ተሰቀለ። እኔ ከአራት ወር በኋላ ስመለስ አያትሽ በሩን ከፍተው አስገቡኝና ቶሎ ዘጉት። ጎረቤት እንዳያይ። ክንዴ ላይ የታቀፍኩትን አይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ የማን ነው አሉኝ። የእኔ አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለዚያ ጥያቄ ሌላ መልስ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም፤ ለአጎትሽም ቢሆን።

ለዚህ ነው ያን ቅዳሜ ከአዳራሹ ስንወጣ በሩ ላይ ክንዴን ይዞ የተቆጣኝ። ሃያ ሦስት ዓመት የሸፈንነውን በአንድ ቃል ገለጥሽው አለኝ። ሰው ዓመት መቁጠር አያውቅም ወይ፣ ከምሽግ ይዘሻት እንደ መጣሽ ሊያውቅ አይደለም ወይ፣ ልጅቱን አስበሻታል ወይ አለኝ። እኔ ከእሷ ሌላ ምን አስቤ አውቃለሁ አልኩትና ትቼው ወደ ውስጥ ተመለስኩ።

አሁን ስለ ጓደኛዬ ልንገርሽ።

ፍንጭት ነበር የምንላት። ከፊት ጥርሶቿ መሐል እህል ያልፋል። ስትስቅ ሰው ሁሉ አብሯት ይስቃል፤ ቀልዱን ያልሰማው ሳይቀር። እጇ ግራ ነው። ቃሬዛ ሁለት ሰው ነው የሚሸከመው፤ እሷ ራስጌውን፣ እኔ ግርጌውን እንይዝ ነበር። ራስጌ የያዘ የቁስለኛውን ፊት ያያል፤ ግርጌ የያዘ እግሩን ነው የሚያየው። ፊቱን አንቺ አትችይውም፣ ለእኔ ተይው ትለኝ ነበር። ቁስለኛውን እስክናደርስ ታወራዋለች። ስለ እናቷ ፍየሎች፣ ስለ አንድ ሰነፍ የሂሳብ አስተማሪዋ፣ ያልሆነውንም እየጨመረች። ሊሞት የተቃረበ ሰው ስለ ፍየል ሲጠይቃት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለት ላይ ብድግ ማለቱም የእሷ ነው። ሦስትን ማን ይጠብቃል ትላለች፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

አንድ የሬዲዮ ሠራተኛ ትወድ ነበር። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ጣቶቹ ረጃጅም፣ ሥራ ሲፈታ ካርታ ላይ ተደፍቶ የሚውል። ኮረብታና ወንዙን ሳያይ ከመስመሩ ብቻ ያነባል። እሷ መሬት የምታየው ለመርገጥ ነው፣ እሱ ለማንበብ፤ እንዴት እንደ ተግባቡ አይገባኝም ነበር። ለብዙ ጊዜ አልቆየላትም። የሬዲዮ ጉድጓዳቸው ሲመታ ሄደን ያነሳነው እኛው ነን። ያን ቀን ራስጌውን እኔ ልያዝ ብላት እምቢ አለች። ፊቱን እያየች አደረሰችው። ያን ቀን ግን አላወራችም።

ከዚያ ወዲህ ከቁጥሯ በላይ የሆነ ጃኬት መልበስ ጀመረች። ወገቧን ጠፍራ እስከ ስምንተኛው ወር ተሸክማለች፤ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት የነበረው ሕክምና ጣቢያ ውስጥ አስተኛናት። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የልጆች መደመርና መቀነስ ገና አልጠፋም ነበር። ጥይት አልነካትም። ሴት የምትሞተው ሌላ ሞት አለ፤ ግንባርም ሆነ ቤት አይለይም። ከወለደች በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆየች። ምንም አላስቸገረችኝም።

እኔም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየሁም፤ አሰናብቱኝ አልኩ። አዛዣችን ቁጡ ሰው ነበር። ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ ምን ይዘሽ ትወጫለሽ አለኝ። አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ኮዳ አልኩት። ብርድ ልብሱ ክንዴ ላይ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅም አሰማ። እሱ ግን ቀና አላለም። አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ኮዳ ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። ሦስት ቀን በእግር፣ አንድ ቀን በጭነት መኪና ተጓዝኩ። በአራት ዓመት ውስጥ ከተሸከምኩት ሁሉ ቀላሉ እሱ ነበር። ራስጌውንም ግርጌውንም እኔው ያዝኩት።

የአስተዳደሯ ልጅ ለሰሌዳው ፎቶግራፍ ያምጡ አለችኝ። የወታደር ልብስ ለብሼ የተነሳሁት አንድ ብቻ ነው፤ ከፍንጭት ጋር ሆነን፣ ባዶ ቃሬዛ ላይ ተቀምጠን። ሥራ አስኪያጁ አየውና፣ ያማረ ነው፣ ግን ሁለተኛዋ የእኛ ሠራተኛ ስላልነበሩ የእርስዎን በኩል ቆርጠን እንሰቅላለን አለኝ። መቁረጥ ሥራዬ ነው ጌታዬ፣ ይህን ግን አልቆርጥም፤ ሁለታችን ካልሆንን እኔም ልቅር አልኩት። አንገራገረ፣ አሰበ፣ በኋላ ይሁን አለ። የሰቀለው አሥር አለቃ ነው። አሁንም ባለፈ ቁጥር ተጣመመ ብሎ ያቃናዋል፤ ቀጥ ብሎ ሳለ በማቃናት ብዛት አጣመመው።

የአስተዳደሯ ልጅ ፎቶግራፉን ከእኔ ስትቀበል ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን፣ ስትመረቂ የተነሳሽውን አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ። አስተዋይ ልጅ ናት፤ ሻይ ላምጣልዎት እንዴ ብላ ወጣች። አንቺ ፈቃድ ወጥተሽ ስትመጪ እንደ ሁልጊዜው ቤት ሳትገቢ ወደ ሥራ ቤቴ ትመጫለሽ። ሰሌዳው መግቢያው ላይ ነው። ሳላዘጋጅሽ ፊት ለፊት እንድትገናኙ አልፈለግሁም።

አጎትሽ አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፎ ከረመ። ባለፈው ረቡዕ ደወለ። ሰላምታም አላቀረበልኝም። ስትሄጂ ስንት ዓመትሽ ነበር አለኝ። ሃያ አልኩት። ቁጥሩን ደገመው። እኔ ሃያ ስድስት ነበርኩ፣ በጣም ፈርቼ ነበር አለኝ። እኔም አልኩት። ይኼው ነው። አርባ ሰባት ዓመት ወንድምና እህት ሆነን እንዲህ አውርተን አናውቅም።

ልጄ፣ ከላይ ፍንጭት ምንም አላስቸገረችኝም ብዬሻለሁ። ለመጻፍ አልደፈርኩም ነበር እንጂ አንድ ነገር ጠይቃኛለች። እናቷ ከየትኛው ወፍጮ ቤት ጀርባ እንደሚኖሩ ነገረችኝ፤ ሂጂና ሁሉንም ንገሪያቸው አለችኝ። እሺ አልኳት። አልሄድኩም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አሥር ዓመት። በአውቶቡስ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። ልሂድ ብዬ ልብስ አጣጥፌ የፈታሁበት ጊዜ አለ። የሄድኩ እንደሆነ ባዶ እጄን የምመለስ እየመሰለኝ ነበር። ያን ቅዳሜ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያጨበጭብልኝ ለምን እንደ ተቀመጥኩ አሁን ገባሽ? አደራ የበላ ሰው ነበር የሚጨበጨብለት።

እሑድ ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል፤ ቤቱ ግን አለ። አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጆንያ ይሰፋሉ፤ መርፌውን የያዙት በግራ እጃቸው ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚሰፉት በዳሰሳ ነው። ማን ነሽ አሉኝ። የልጅዎ ጓደኛ ነኝ አልኳቸው። መርፌውን ጆንያው ላይ ሰኩና ተቀመጪ አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቃሬዛውን፣ ፍየሎቹን፣ የሬዲዮውን ልጅ፣ ጥቁር ሰሌዳውን። ስለ ፍየሎቹ ስነግራቸው፣ ሁለት ብቻ ነበሩ እኮ፣ ስታበዛ ነው አሉና ሳቁ፤ ከሳቁ ቀጥሎ ነው ያለቀሱት። ብቻዋን ነበረች ወይ አሉኝ። አልነበረችም፣ እጇን ይዤ ነበር አልኳቸው። መረቁኝ። ምርቃታቸው እንደ እሳት ፈጀኝ።

ከዚያ ጆንያውን ከጭናቸው ላይ አንስተው ወደ ጎን አደረጉና፣ ትታው የሄደችው ነገር አለ ወይ አሉኝ።

አለ አልኳቸው። ግን መጀመሪያ ደብዳቤ የምጽፍላት ሰው አለች፤ መልሷን ይዤ እመለሳለሁ አልኳቸው። ብዙ አልጠየቁኝም። ሃያ ሦስት ዓመት የጠበቀ ሰው ለፖስታ አይቸኩልም አሉኝ።

እንግዲህ ይኼው ጻፍኩልሽ። የምትይውን ሁሉ በይኝ፤ ብትቆጪም ይገባሻል፤ ዝም ብትይም እጠብቃለሁ። ብቻ ጤናሽን ጠብቂ። የረገጥሽው መሬት ይልመልምልሽ፤ የቀየስሽው ሁሉ ይቃናልሽ፤ ክፉ አይይሽ፤ በደረስሽበት ሁሉ የሚወድሽ ሰው አትጪ። ይህን የሚያነብ ዓይንሽን ስሜዋለሁ።

የምፈርመው እንደ ወትሮው ነው፤ አንቺ ካልከለከልሽኝ።

እናትሽ